ሚዛኑ ላይ ጮኸችብኝ ብለሽ ክትትሉን አትተዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያ እርግዝናሽ ነው፤ አራተኛ ወርሽን ይዘሻል፤ 94 ኪሎ ነሽ። ክትትል ስትጀምሪ ሰው ፊት «ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክመሽ እንዴት ልትወልጂ ነው?» ተባልሽ። አሁን ተመልሼ ልሂድ ወይስ ቤቴ ሆኜ በጾም ኪሎዬን ልቀንስ ነው ያልሽው።

ሂጂ። ለምን እንደምልሽ ከራሴ ልንገርሽ፤ እኔ ቀርቼ ስላየሁት።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በ2012 የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ 98 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60። ሰፈር ውስጥ ውፍረቴ ችግር ሆኖ አያውቅም። «ተመችቶሻል» ነው የምባለው። እናቴማ ለዚህ አገር ብርድ ሥጋ ያስፈልጋል ባይ ናት። ካርድ አውጥቼ ሚዛን ላይ ስወጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የምትመዝነኝ ልጅ ቁጥሩን በር ላይ ለተሰለፈው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው። አንዷ ሳቀች። «ምን እየበላሽ ነው?» አለችኝ። ያን ሰሞን ከማቅለሽለሹ የተነሳ ከበሶ በቀር ሆዴ ላይ የሚረጋ ነገር አልነበረም። መልስ አልሰጠሁም። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን ቀረሁ። ለባሌ «ቀጠሮው ተራዝሟል» አልኩት።

የቀረሁበት ጊዜ ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። የእርግዝና ስኳር በአብዛኛው የሚመረመረው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። በባዶ ሆድ ትሄጃለሽ፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ትጠጫለሽ፣ ከዚያ በየሰዓቱ ደም ይወሰዳል። እኔ ልክ ያኔ ቤቴ ተደብቄ ነበር። ስኳሬ የተገኘው በ33ኛው ሳምንት ነው። ልጄ 4 ኪሎ ከ200 ሆና በኦፕራሲዮን ወጣች። ቀድሞ ቢታወቅ ኦፕራሲዮኑ ይቀር ነበር? ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ግን ምግቤን የማስተካክልበት ሁለት ወር አምልጦኛል።

ውፍረት ምንም አያመጣም ብዬ አላባብልሽም። ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ኦፕራሲዮኑም፣ ደም መርጋቱም ከሌላው ሰው ይበዛብናል። ስለዚህ ከቀጭኗ ጎረቤትሽ ይልቅ ክትትሉ የሚያስፈልገው አንቺን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ በጩኸት የሚያባርሩት ዋናዋን መምጣት ያለባትን ሴት ነው።

አሁን ስለ ግፊት ልንገርሽ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከቀረሁበት ስመለስ ግፊቴ 150 በ95 ተባለና ሪፈር ተጻፈልኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ሄድኩ። የተላክሁበት ሆስፒታል አንዲት አዋላጅ ክንዴን አየት አደረገችና ሌላ መለኪያ አመጣች። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ፣ እነሱ ካፍ የሚሉት፣ ሰፋ ያለው ነው። 128 በ82 ሆነ። ካፉ ለክንድሽ ከጠበበ ግፊትሽን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በልብስ ሰፊ ሜትር የክንድሽን መሐል ለኪው። ከ32 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ «ሲስተር፣ ትልቁ ካፍ አለ?» በያት። በትልቁም ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጨርቁ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ኪሎ ለመቀነስ ያልሽውን ተዪው። እርግዝና የመክሻ ጊዜ አይደለም። ከእርግዝና በፊት እንደኛ ወፍራም ለነበረች ሴት እስከምትወልድ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር በቂ ነው ይባላል። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ እኔ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ስኳር የበዛበት ሻይ ተውኩ። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑን፣ ሽሮውንና እንቁላሉን ጨመር አደረግሁ። ከምሳ በኋላ እግሬን አፍታታለሁ። በቃ። ሌላ ተአምር አልሠራሁም።

በ2015 ሁለተኛዋን ሳረግዝ ብልጥ ሆንኩ። እህቴን ይዤ ገባሁ። ሚዛኑ ላይ ሳልወጣ «ሲስተር፣ ኪሎዬን ጻፊው እንጂ እባክሽ አትጥሪው። ስኳሬን መቼ ነው የምታዪልኝ?» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀችና ቀጠሮውን ካርዴ ላይ ጻፈችልኝ። ሰው ፊት ጥያቄ ይዘሽ ስትገቢ ለስድብ ቦታ አይተርፍም። አሁንም ከጮኸችብሽ ሌላ አዋላጅ እንድታይሽ ጠይቂ፣ ወይም ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክትትሉን ግን አታቋርጪ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (በፈረንጆች) ጀምሮ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይሁን ብሏል።

ሐኪም ስታገኚ ደግሞ ስለ አስፒሪን ጠይቂ። የመጀመሪያ እርግዝና ከውፍረት ጋር ሲሆን ለእርግዝና ግፊት መከላከያ በትንሽ መጠን የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ የሚጀመረውም በአንቺ ወራት አካባቢ ስለሆነ ቶሎ በይ። ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ ግን እንዳትውጪ። አልትራሳውንድ ላይ «በደንብ አይታይም» ቢሉሽ አትሸማቀቂ፤ ስብ ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ድጋሚ ቀጠሮ ያዢ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች ሕመም፣ ደም ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

በኦፕራሲዮን ከወለድሽ አንድ ነገር ያዢልኝ። የእኔ ቁስል ሆዴ በሚታጠፍበት ሥር ነበር። እዚያ ላብ ይዞ አመረቀዘ፤ ገልጦ ያየልኝ ሰው የለም፣ እኔም አፍሬ አላሳየሁም። በየቀኑ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፣ አሳዪ። አራስ ነሽ ተኚ ቢሉሽም ተነስተሽ ተራመጂ፤ ደም እንዳይረጋ ነው። ገንፎው ይደርሳል።

መንዝ ነኝ ስላልሽ ሌላም አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሁልጊዜም አይመችም። ቀንሽ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ያለበትን ቦታ ከጤና ኤክስቴንሽኗ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ምጥ ከመጣ በኋላ መኪና ፍለጋ አይሆንም።

ክንድሽን ለክተሽ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።