ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች፦ መጀመሪያ ሽንቱን ቅዱ

ልጆቼ፣

ከደብረ ዘይት ተመርቄ ስወጣ ስለ በሬና ፈረስ ብዙ አውቅ ነበር። ስለ ድመት ግን እምብዛም።

አንዲት ግራጫ ድመት መቼም አልረሳትም። ምግብ ከተወች ሦስት ቀኗ ነው፤ ውሃ ግን ደጋግማ ትጠጣለች። ሙቀቷ 40 ዲግሪ። ወገቧን በጣቶቼ ጫን ሳደርግ ጮኸች። የኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሆነ ገባኝ። ሳልመዝናት፣ ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በግምት ጫን አድርጌ ለአምስት ቀን ወጋኋት። ትኩሳቱ ወረደ። ከዚያ ባለቤቷ ተመልሰው መጡ። «ዶክተር፣ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች» አሉኝ። ባትሪ ሳበራባት ብሌኗ እንደሰፋ ቀረ። ይህ መድኃኒት በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ሲያልፍ የድመትን ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል፣ ሊያጠፋ ይችላል። እኔ አላውቅም ነበር። ዓይኗ አልተመለሰም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ድመቷን መዝኑ። ከመድኃኒቱም በፊት ሽንት ቅዱ። ከወለል ላይ የተሰበሰበ አይሁን፤ ያሳስታችኋል። ፊኛዋን በአንድ እጅ ያዝ አድርጋችሁ፣ በቀጭን መርፌ በሆዷ በኩል በቀጥታ ከፊኛው ሳቡ። መጀመሪያ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይለመዳል። አልትራሳውንድ ካለ ደግሞ ይቀላል። የቀዳችሁትን ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለሚለይ ምርመራ፣ ላኩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚነግራችሁ ግን ላብራቶሪው ነው። ውጤቱ እስኪደርስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ሽንቱ እንደተቀዳ ሕክምናውን ጀምሩ፤ ውሃ ካጠራት ፈሳሽ ስጧት። ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱን ታስተካክላላችሁ።

ክሬያቲኒን፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ ከፍ ስላለ ብቻ ኢንፌክሽን ነው አትበሉ። ያረጀች ድመት ኩላሊቷ ቀድሞ የደከመ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ላይ የኩላሊቱ የሽንት መሰብሰቢያ ሰፍቶ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ። ጠጠር ዘግቶት እንደሆነም እዩ። ከተዘጋ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድናትም።

ባለቤቶቹን ቤት ውስጥ ምን እንደሰጧት ጠይቁ። «ትኩሳት ስላላት ፓራሲታሞል ሰጠኋት» የሚሉ አሉ፤ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ሳትቆጡ ጠይቁ፤ ከተቆጣችሁ ይደብቋችኋል።

ድሮ አንቲባዮቲኩን ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል ይላል። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽንቷን ድገሙ። ባለቤቶቹ «በላች እኮ፣ ዳነች» ብለው ይቀራሉ። ደውሉላቸው።