አጨብጭቦብኝ ዝም አልኩት፦ የዳኞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የታችኛውን እርከን ውድድር ከሚዳኙ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሕጉን ያውቁታል፤ ስለ ጥፋትና ካርድ የሚደነግገውን ሕግ 12ን በቃላቸው የሚያነበንቡልኝም አሉ። የሚቸግራቸው ያወቁትን ሕግ ሃያ ሁለት ሰው ፊት ከኪስ ማውጣቱ ነው። እኔንም ለዓመታት የቸገረኝ ይኸው ስለሆነ እንደምንም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ጨዋታ ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር የአንዱ ቡድን አምበል እየመጣ ይከራከረኝ ነበር። በመጨረሻ ፊቴ ቆሞ አጨበጨበብኝ፤ ዝም አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይጮኹብኝ ጀመር። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ጭብጨባው ላይ። ክርክሩን ማሳለፍዎ ስህተት አይመስለኝም። ተጫዋች ይናደዳል፤ «ኧረ ዳኛ!» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ከሮጠ ንዴቱም አብሮት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ሁሉ ቢጫ የሚመዝ ዳኛ እረፍት ሳይደርስ የሚጽፍበት ወረቀት ያልቅበታል። እኔ የምለየው በሁለት ነገር ነው፦ ሌላው ሰው አይቷል? ተጫዋቹስ እየራቀኝ ነው ወይስ እየመጣብኝ? አጠገቤ ያጉረመረመውን እንዳልሰማሁ ባልፍ ጨዋታው ምንም አይሆንም። ሜዳ ሙሉ ሰው ያየውን ጭብጨባ እንዳላየሁ ባልፍ ግን የቀሩት ሃያ አንድ ተጫዋቾች ነገሩ በነጻ መሆኑን ተረዱ ማለት ነው። እርስዎም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሕጉ ተቃውሞን በቃልም በድርጊትም ያስቀጣል። ጭብጨባም ሆነ ኳስን በንዴት መሬት ላይ ማንጠር አንድ ቃል ሳይወጣ ቢጫ ሊያሰጥ ይችላል። አምበልነትም ከዚህ አያድንም። አምበል በሕጉ የተለየ መብት የለውም፤ ያለው ለቡድኑ ጠባይ የተወሰነ ኃላፊነት ብቻ ነው። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ዳኛውን ቀርቦ ማብራሪያ የሚጠይቀው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ አምበሉ ግብ ጠባቂ ከሆነ በቦታው ሌላ ተጫዋች ይወከላል። ውድድርዎ ይህን አሠራር ከተቀበለ ይጠቀሙበት፤ ከአንድ ሰው ጋር መነጋገር ከስምንት ሰው ጋር ከመጯጯህ ይሻላል።

የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ከጎኑ እየሮጥኩ፣ ፊቱን ሳላይ፣ «ሰምቼሃለሁ፤ በቃ» እለዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ጨዋታው ሲቆም እጠራዋለሁ፤ ወደ እሱ አልሄድም፣ እሱ ይመጣል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ፣ እጄ ግን ሜዳው ሁሉ እንዲያይ «አበቃ» ይላል። ሦስተኛው ካርድ ነው፤ ያን ጊዜ ንግግር የለም። ካርድ እያሳዩ ማብራሪያ መስጠት አዲስ ክርክር መክፈት ነው። እነዚህን ሁለት እርምጃዎች ግን ለማንም የመስጠት ዕዳ የለብዎትም። ፊትዎ ቆሞ ያጨበጨበ ሰው ራሱ ዘሏቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ እንዳይቀላቀልብዎ። «አታይም እንዴ?» ተቃውሞ ነው፣ ቢጫ። እናትዎን አንስቶ ከሰደበዎ ስድብ ነው፣ ቀይ። ስድብን በቢጫ የሚያልፍ ዳኛ ብዙ አይቻለሁ፤ ራሱን ደግ አድርጎ ያስባል፣ እኔ ግን ፈርቶ ነው እላለሁ። በነገራችን ላይ፣ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ለተቃውሞ ብለው ካቆሙ ጨዋታው የሚጀመረው በቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው። አጥቂው ወደ ግብ እየገሰገሰ ከሆነ እስኪቆም ይታገሡ፤ ካርዱ ኪስዎ ውስጥ አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ጥፋት አይቼ አድቫንቴጅ ሰጠሁ፤ የተበደለው ቡድን እንዲጠቀም ብዬ ጨዋታውን አላቆምኩም። ኳስ ስትወጣ ተመልሼ ቢጫ ባሳይ ተጫዋቹ «ጊዜው አልፏል» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ካርዱ የሚሰጠው ጨዋታው በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም ነው። የሚያልፍበት ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ ነው። ጥፋቱ ተስፋ ያለው ጥቃት ማቋረጥ ብቻ ከነበረ ግን ጥቃቱ ስላልተቋረጠ ቢጫ አይሰጥም። ጥፋቱ ቀይ ካርድ ወይም ሁለተኛ ቢጫ የሚያሰጥ ከሆነ ደግሞ ግልጽ የግብ ዕድል ከሌለ በቀር አድቫንቴጅ አይስጡ። ሊባረር የሚገባው ሰው ሜዳ ውስጥ ሆኖ ኳስ ሲነካ የሚመጣውን ትርምስ እርስዎ አይወዱትም፣ እኔም አልወደድኩትም።

ጥያቄ፦ ሴት ዳኛ ነኝ። ከተቀያሪዎች ወንበር አንድ ሰው ይጮኽብኛል፤ ዞር ስል ሁሉም መልአክ ይሆናሉ። ማንን ልቅጣ?

መልስ፦ ዋና አሰልጣኙን። ከ2019 ጀምሮ ዳኛ ለአሰልጣኞችና ለቡድን ኃላፊዎችም ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል፤ በተቀያሪዎች ወንበር ክልል ውስጥ ያጠፋው ሰው ካልታወቀ ቅጣቱ እዚያ ላለው ዋና አሰልጣኝ ነው። መጀመሪያ ግን ሄደው ይንገሩት፦ «የሚጮኸውን ሰው አላየሁትም፤ በሚቀጥለው ካርዱ የእርስዎ ነው።» ከዚያ በኋላ ወንበሩን ማን እንደሚጠብቀው ያያሉ። አሰልጣኙ ዞሮ አንዱን በዓይኑ ሲያፈጥበት ጯኺው ማን እንደነበረም ያኔ ይታወቃል። ሴትነትዎን የሚያነሳ ስድብ ከመጣ ግን ማስጠንቀቂያም ቢጫም የለውም፤ በቀጥታ ቀይ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱን ተጫዋች ሁለት ጊዜ ቢጫ አሳይቼው ሳላስወጣው ጨዋታው አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማቆም አለብኝ?

መልስ፦ ቢያቆሙ ከእኔ በኋላ ነው የሚያቆሙት። ከዓመታት በፊት ዝናብ በሚወርድበት ጨዋታ 6 ቁጥርን በቢጫ ቀጣሁ። እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ጭረት ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ «ችግር የለም፣ አስታውሰዋለሁ» አልኩ። ከእረፍት በኋላ ያው ልጅ ከኋላ ጠልፎ ጣለ፣ ቢጫ አሳየሁት፣ ማስታወሻዬን አየሁ፤ ባዶ ነው። ጨዋታው ቀጠለ። የተቃራኒው ቡድን አሰልጣኝ ሁለት ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል የሚለኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩለት።

በ2006 የዓለም ዋንጫ ክሮኤሺያ ከአውስትራሊያ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ዳኛ ግራሃም ፖል ለክሮኤሺያው ተከላካይ ዮሲፕ ሺሙኒች ሦስት ቢጫ አሳይቷል፤ የወጣው በሦስተኛው ነው። ሺሙኒች 3 ቁጥር ነበር፤ ፖል አንዱን ቢጫ የመዘገበው የአውስትራሊያው 3 ቁጥር ላይ ነው። ያን ቀን አብረውት የሚዳኙ ሁለት ረዳቶችና አራተኛ ዳኛ ነበሩ። እርስዎ ብቻዎን ነበሩ ብዬ እገምታለሁ።

ዛሬ የማደርገው ይህን ነው። እርሳስ እይዛለሁ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ ከላይ የየቡድኑን ማልያ ቀለም አስቀድሜ እጽፋለሁ። ጥፋተኛው ሲመጣ መጀመሪያ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያው ዓምድ ውስጥ ያ ቁጥር አስቀድሞ ይኑር አይኑር አያለሁ፣ ካርዱ ከዚያ በኋላ ነው ከፍ የሚለው። ቢጫው ደረት ኪስ፣ ቀዩ ከኋላ ኪስ። ረዳቶች ካሉዎት ከጨዋታ በፊት «ሁለተኛ ቢጫ ላይ ከዘነጋሁ ጨዋታው ሳይጀመር ጥሩኝ» ይበሏቸው። የዘነጉትን ደግሞ የውድድሩ አዘጋጆች ሳይጠይቁዎ በሪፖርትዎ ውስጥ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ቀይ ያየ ተጫዋች አልወጣም ቢለኝስ?

መልስ፦ ይህን በዓለም ፊት ያየ ሰው ነው ካርዱን የፈጠረው። በ1966 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ በዌምብሌይ፣ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል አንቶንዮ ራቲን አሰናበተው። ያኔ ካርድ አልነበረም፤ ዳኛው ስፓኒሽ አያውቅም፣ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅም። ራቲን አልወጣም ብሎ ደቂቃዎች አለፉ። ዳኞቹን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን በኋላ መኪና እየነዳ የትራፊክ መብራት ሲያይ ቢጫና ቀይ የሚለው ሐሳብ መጣለት፤ በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ውድድር አንድም ቀይ አልወጣም።

ካርድ ግን ሰውን ገፍቶ አያስወጣም። እርስዎም አይግፉት፤ እጅዎ ትከሻው ላይ ካረፈ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጠብ ይሆናል። ካርዱን አሳይተው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁ። አምበሉን ይጥሩና «ይህን ልጅ አስወጣልኝ፤ ካልወጣ ጨዋታውን አቋርጣለሁ» ይበሉት፣ ሰዓትዎንም እያየ ይመልከቱ። የቡድን ጓደኞቹ ከእርስዎ ይልቅ አጥብቀው ይጎትቱታል። ካልሆነ ያቋርጡና ለውድድሩ አዘጋጆች ይጻፉ፤ ውጤቱን እነሱ ይወስኑ። ከአንድ ቡድን በተከታታይ እያሰናበቱ ከሆነም ቁጥር ይያዙ፤ ከሰባት ተጫዋች በታች የቀረው ቡድን ጨዋታውን መቀጠል አይችልም።

ጥያቄ፦ የታዳጊዎች ጨዋታ ላይ ለተቃውሞ ቢጫ መስጠት አይከብድም?

መልስ፦ ይከብዳል። የውድድርዎ ደንብ ከፈቀደ ጊዜያዊ ማሰናበት የተሻለ ነው። በታዳጊዎችና በታችኛው እርከን ውድድሮች የተፈቀደ አሠራር ሲሆን በዘጠና ደቂቃ ጨዋታ አሥር ደቂቃ ያህል ውጭ ያስቀምጣል። ቢጫው ለልጁ ወረቀት ነው፤ ጓደኞቹ ለአሥር ደቂቃ በአሥር ሲሮጡ ቁጭ ብሎ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ አንዱ መጥቶ ሰደበኝ። ካርድ ማሳየት እችል ነበር?

መልስ፦ ገና ሜዳ ላይ ከነበሩ አዎ፤ የዳኛ ሥልጣን የሚያበቃው ጨዋታው አልቆ ከሜዳ ሲወጣ ነው። የእረፍት ሰዓትም ይካተታል። ከወጡ በኋላ የሆነውን በሪፖርት ያስገቡ፤ ሪፖርቱንም በዚያው ምሽት ይጻፉት። «ሰደበኝ» ብለው አይለፉት፤ ያላትን ቃል ሳያለዝቡ እንዳለች ይጻፏት። የሚያነቡት ሰዎች ይሸማቀቁ ይሆናል፤ ይሸማቀቁ።