ቦኖው ለምን ደረቀ? ፋብሪካ ለምትገቡ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ዘንድሮ ከተመረቃችሁት አንዳንዶቻችሁ ደብረ ብርሃን ትቀጠራላችሁ። ሌላው ጫጫ፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት ይደርሰው ይሆናል። እኔ ሥራ ስጀምር ደብረ ብርሃን የምትታወቀው በብርዷና በብርድ ልብሷ ነበር። ሁለቱ እንዴት እንደተስማሙ አስቡት። ዛሬ ቢራው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ የታሸገ ውሃው አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ሥራ ታገኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ 31 ዓመት በሦስት ፋብሪካዎች ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጥገና፣ ኋላ ምርት። መጨረሻ ላይ ማንም የማይፈልገውን ወንበር ሰጡኝ፤ የማኅበረሰብ ጉዳይ። የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም። አንዱን ባነሳ የሌላው ሰዎች ይቀየሙኛል። ደግሞም የምነግራችሁ ጥፋት በአብዛኛው የራሴ ነው።

ወንበሩን እንደያዝኩ ፋብሪካው ለአካባቢው ሰው ቦኖ እንዲያሠራ ተወሰነ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከዋናው በራችን አጠገብ። ለምን ብትሉኝ የውሃ መስመራችን እዚያ ቅርብ ነበር። ታፔላውም ከመንገድ ይታያል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ታፔላው ከውሃ መስመሩ በላይ አሳስቦኝ ነበር። የምርቃቱ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቲሸርት ታደለ። እኔም ንግግር አደረግሁ። ረጅም ንግግር።

አምስት ወር አልሞላውም፣ ቦኖው ደረቀ። ቧንቧው ሲሰበር የሚጠግነው ሰው አልነበረም። ቁልፉ ያለው እኛ ጥበቃ ጋ ነበር። ፈረቃ ሲቀየር አንዳንዴ ቁልፉ በጥበቃው ኪስ አብሮ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከወንዙ ጀሪካን አዝለው ዳገቱን የሚወጡ እናት አገኘሁ። «እማማ፣ ቦኖው እያለ ምነው ወንዝ ወረዱ?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ቦኖው የቀረበው ለእናንተ በር ነው። ለእኔ ቤት ወንዙ ይቀርባል። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ተቆልፎ ባገኘውስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሪፖርቴ ላይ ግን «የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆነዋል» ብዬ ጽፌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እድሩ የሄድኩት። ካሜራ ሳልይዝ፣ ባነር ሳልይዝ። ወርኃዊ ስብሰባቸው ላይ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለሁለት ሰዓት ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ ተጨቃጨቁ፤ ስለ እኛ አንድም ቃል የለም። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ «ኢንጂነር፣ የሚሉት ካለ?» አሉኝ። «የምለው የለኝም፣ ልሰማ ነው የመጣሁት» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ አንድ አባት ተነሡ። ውሃ አልጠየቁም፣ ትምህርት ቤት አልጠየቁም። «መኪኖቻችሁ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት አይውጡብን» ነው ያሉት። በቃ ይኸው ነው።

የጭነት መኪኖቹን መውጫ በአንድ ሰዓት ገፋነው። አንድ ብር አልወጣበትም። 31 ዓመት ሠርቼ ከሰዉ ያን ያህል ምስጋና ያገኘሁበት ሥራ የለኝም፤ ለቦኖው ያወጣነውን ገንዘብ ግን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ቦኖውንም ኋላ አስተካከልነው። ሰፈሩ ራሱ ቦታ መረጠ። ከታች፣ ከወንዙ በላይ። አምስት ሰው ያለበት የውሃ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሦስቱ ሴቶች። በጀሪካን ጥቂት ሳንቲም ይከፈላል፣ በዚያም ቦኖ ጠባቂዋ ደመወዝ ታገኛለች፣ ቧንቧም ይጠገናል። የእኛ ድርሻ መስመሩን መዘርጋትና ቆጣሪ ማስገባት ብቻ ሆነ። ቁልፉ እነሱ ጋ ነው።

አሁን ስለ ዕዳ ላንሣ። ፋብሪካ ለአካባቢው ሲሰጥ «ድጋፍ» ይላል። ግን ከመስጠቱ በፊት የወሰደው አለ። መሬት ወስዷል፣ ውሃ ይወስዳል፣ ፍሳሽ ይለቃል። ያን ሳይከፍል ደብተር ቢያድል ሰው ደብተሩን ተቀብሎ በሆዱ ይታዘባል። የሸዋ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ ረጅም ነው፤ አይጮህም። ዝም ቢላችሁ ተስማማ ማለት እንዳይመስላችሁ።

መሬቱን እንይ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱ በቋሚነት ተወስዶበት ምትክ ያላገኘ ገበሬ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ቀድሞ 10 ነበር። ወረቀቱ ላይ ብዙ ይመስላል። እኔ ግን ካሳው ባጃጅ ሆኖ፣ ባጃጁም በሁለት ዓመት ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። የገበሬው ልጅ ደግሞ የአባቱ እርሻ በነበረው መሬት አጥር ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ይህን ስናይ «የሥራ ዕድል ፈጠርን» እንል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን አንገት ያስደፋል።

ስለዚህ አንዳችሁ የሰው ኃይል ክፍል ከገባችሁ ማሽኑ ከመተከሉ ስድስት ወር ቀድማችሁ አስቡ። ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ጋር ተነጋገሩ። መሬታቸውን ያጡ ቤተሰቦችን ስም ከቀበሌው ውሰዱ። ልጆቻቸው ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቦይለር ይማሩ። ማስታወቂያውን በቴሌግራም ብቻ አትልቀቁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ፣ ገበያ ላይ ለጥፉ። ገበሬው ከቅዳሴ ሲወጣ ያነበዋል፤ ባያነበውም የተማረ ልጅ ያነብለታል።

ፍሳሹ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ስለሆነ። ብዙ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለቆላ የተሠራ ዲዛይን አምጥታችሁ እዚህ ብትተክሉ ባክቴሪያዎቹም ይበርዳቸዋል፤ ሥራቸው ይዘገያል፣ ውሃው ሳይጣራ ይወጣል። ይህን ከላቦራቶሪ ወረቀት በፊት የሚነግራችሁ ከብት ነው። አንድ እረኛ «ጋሼ፣ ላሞቹ ዛሬ አሽትተው ተመለሱ» ብሎኛል። ናሙና አስወሰድን፤ ልጁ ልክ ነበር።

በወር አንድ ሌሊት፣ በሦስተኛው ፈረቃ፣ በእግራችሁ ቱቦው የሚያበቃበት ድረስ ውረዱ። ባትሪ ያዙ፣ ቡትስ ጫማ አድርጉ። ቀን የሚሠራ ማጣሪያ ሌሊት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲጠፋ የምታገኙት እዚያ ነው። ገና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ የአካባቢው ሰው አስተያየት እንዲጠየቅ ያዛል። ግምገማው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ማን ይጠየቃል? በአማርኛ፣ በሁለት ገጽ አሳጥራችሁ ቀበሌ ላይ አንብቡላቸው።

ስለ ገብስም ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር ደስ ይለኛል። አንድ ገበሬ አህያ ጭኖ ገብሱን ያመጣል። ሠራተኛው መሣሪያ ውስጥ ይከታል፣ «አይሆንም» ይላል፣ ይመልሰዋል። ሰውየው ምን እንደጎደለው አያውቅም። ተንኮል ይመስለዋል። እሱ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ለቆሎና ለጠላ የሚመሰገነው ገብስ ለቢራ ፋብሪካ ላይሆን ይችላል። የቢራ ገብስ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ዩሪያ ሲበዛና ሲዘገይ ፕሮቲኑ ይጨምራል። እርጥበቱም ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ከ100 ፍሬ ደግሞ 95ቱ መብቀል አለባቸው።

የመጨረሻውን ቤቱ መሞከር ይችላል። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሦስት ቀን ማቆየት ነው። ይህን አንድ የግብርና ባለሙያችን ለገበሬዎች ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ሲያሳይ አየሁ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ የሚሄድ ጭነት ቀነሰ። ሚዛኑንም ፊቱን ወደ ገበሬው አዙሩት። ቁጥሩን እሱም ይየው።

አተላው ሌላ ነው። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ ወደ 20 ኪሎ ግድም እርጥብ አተላ ይወጣል። ለወተት ላም እንደ በረከት ነው። ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይበላሻል፣ ቶሎ መነሣት አለበት። መኪና ያለው ደላላ ይገባና ሁሉንም ያፍሳል፤ ሁለት ላም ያላት እናት ከእሱ ላይ በእጥፍ ትገዛለች። አጥራችሁ ሥር ያለች እናት! የወተት ማኅበራቱን ጠርታችሁ ተራ አውጡላቸው። ደላላው ይጮሃል፤ ምናልባት ከቢሮ ውስጥም አብሮት የሚጮህ አይጠፋም። እኔ ላይ ተጩኋል። አለፈ።

ትምህርት ቤት ማደስ፣ የደንብ ልብስ ማልበስ፣ ለተፈናቃይ ወገን ብርድ ልብስና እህል ማቅረብ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ባነሩን ግን አሳንሱት። እርዳታ የሚቀበል ሰው ፊቱ ፎቶ ላይ እንዲወጣ አይፈልግም። እናንተም ብትሆኑ አትፈልጉም።

አለቃችሁ «ይህ ለምርት ምን ይጠቅማል?» ይላችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ አትናደዱበት። ሰው ተቀይሞ መንገድ ሲዘጋ መኪና የቆመባቸውን ቀናት ቁጠሩና አሳዩት። የእኔ አለቃ ክርክር አይወድም ነበር። ቁጥሩን አይቶ ግን የእድር ስብሰባ ቀን ሰርቪስ መኪና ፈቀደልኝ።

እኔ ጡረታ ስወጣ ፋብሪካው ሰዓት ሸለመኝ። እድሩ ደግሞ አባል አደረገኝ፤ መግቢያውን ግን ሙሉ አስከፈሉኝ፣ አንድ ሳንቲም አልቀነሱልኝም። ባለፈው ሳምንት ያኔ ጀሪካን አዝለው ያገኘኋቸው እናት አርፈው ድንኳን ልንተክል ሄድን። ለቀብር ለመጣው ሰው ውሃ ያስፈልግ ነበርና ልጆቹን ጀሪካን አስይዤ ወደ ታችኛው ቦኖ ላክኋቸው። ክፍት ነበር።