«ጭንቅላቴ አይዝም» ላለችው ተማሪ

ውድ እህቴ፣

የአካውንቲንግ ትምህርትሽን ጨርሰሽ የመውጫ ፈተናው ላይ 46 እንዳመጣሽ፣ ሞጁሎቹን ደጋግመሽ ብታነቢም ፈተና ክፍል ስትገቢ ሁሉም እንደሚጠፋብሽ ጽፈሽልኛል። ሽምደዳ የማይጠይቅ ሙያ ልፈልግ ወይ ብለሽም ትጠይቂያለሽ። አራት ነጥብ ለጎደለው ሰው ሙያ ቀይር ብዬ መምከር አይሆንልኝም። መጀመሪያ አጠናንሽን እንይ።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ያንኑ እንደገና ሲያነቡ፣ ሌሎቹ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት የጽሑፉን 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶውን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42፣ የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። አንቺ ራስሽን የምትለኪው በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ገጹ ዓይንሽ ሥር ሳለ ሁሉም የገባሽ ይመስልሻል፤ ፈተናው የሚመጣው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ነው። (የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን ለመምህሩ በቃሉ የሚወጣው መጽሐፉን ሳያይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳይመጡ በፊት የነበረ ዘዴ መሆኑ ደስ ይለኛል።)

ስለዚህ የእርጅና ቅናሽን (ንብረት ሲያገለግል በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰውን) ካነበብሽ በኋላ ሞጁሉን ክደኚና ባዶ ወረቀት አውጪ። ማሽኑ በ500,000 ብር ተገዛ፣ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ቀሪ ዋጋው 50,000 ብር ነው፣ ቅናሹም በየዓመቱ እኩል ነው እንበል። የዓመቱ ቅናሽ ስንት ነው? የቱ ሒሳብ ዴቢት፣ የቱ ክሬዲት ይሆናል? 90,000 ላይ ደርሰሽ ምዝገባው ከጠፋብሽ ሞጁሉን ቶሎ አትክፈቺው፤ ጥቂት ታገዪ። የሚያስተምርሽ ይኸው ትግል ነው። ያንኑ ጥያቄ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቀጥሎም ከሳምንት በኋላ፣ ከኦዲትና ከታክስ ጥያቄዎች ጋር ቀላቅለሽ ሥሪው።

ሌሊቱን ሙሉ ማንበቡን ተዪው። ለአፍታ የምንይዝበት የማስታወስ አቅም ጠባብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ያህል አዲስ ነገር በላይ አይችልም። የተያዘው ደግሞ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል አማካይነት እየጸና የሚሄደው በተለይ ስንተኛ ነው።

ሽምደዳን በተመለከተ፣ ቢሮ ውስጥ ማንም የታክስ መመሪያ በቃልሽ ውጪ አይልሽም፤ ተከፍቶ ይታያል። ሆኖም የትኛውን መመሪያ መክፈት እንዳለብሽ የሚነግርሽ ቀድሞ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ነው።

በዚህ መንገድ ለቀጣዩ ዙር ተዘጋጂ። ሞጁሉ ተከፍቶ፣ ጊዜም ሳያጥርሽ ስሌቱ ራሱ የሚያስጠላሽ ከሆነ ግን የማስታወስ ጉዳይ አይደለምና ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ ስለ ሙያ ለውጥ እንነጋገራለን።