«ይካሄዳል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው ቤቴ መጡ። በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ይጽፋሉ። የ2019ን ገጽ፣ የዓመቱ ክንውኖች የሚዘረዘሩበትን፣ ሊያሰናዱ ነው፤ ገና ያልመጣውን ዓመት። «ጋሼ፣ ከሚመጡት ነገሮች የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይቅር?» አሉኝ። ከአቦል እስከ በረካ ስንከራከር ዋልን። ማታ ሳስበው፣ ለእነሱ ያልኩት ለሌሎቻችሁም ሊጠቅም ይችላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጽሑፍ በማረም ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ኋላ ደግሞ የዓመት መጽሔት አዘጋጅ ሆንኩ። የዓመት መጽሔት ማለት ያው የእናንተ የዓመት ገጽ ታላቅ ወንድም ነው። እናንተ ስትሳሳቱ ተመልሳችሁ ታስተካክላላችሁ። እኛ ግን አንዴ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወጣ ነው።

ስሕተቴን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት መጨረሻው ገጽ ላይ ትንሽ ቦታ ተረፈኝ። «በሚቀጥለው ዓመት» የሚል ርእስ ሰጠሁና ስድስት ነገሮች ደረደርኩበት። አንዱ መንገድ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ «በመጪው ሰኔ ተጠናቆ ይመረቃል» ይላል። እንዳለ ገለበጥኩት። ሰኔ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ሰኔ መጣ። መንገዱ ጠጠር እንኳ አልለበሰም። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከዓመታት በኋላ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳይለት አመጣልኝ። መሀል ላይ «መንገዱ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተመርቋል» ይላል። ግርጌው ላይ ምንጩን ጠቅሷል፤ የእኔን መጽሔት። ልጁ አልዋሸም። «ይመረቃል» የተባለበት ዓመት ካለፈ ተመርቆ ይሆናል ብሎ ነው። ማን ይፈርድበታል? ብርቱካናማውን እስክሪብቶ ይዤ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳሰምርበት እጄ ከበደኝ። የማርመው የራሴን ስሕተት ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገ የሚያወራ መስመር ሲመጣልኝ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ይህ ነገር ቢቀርስ? መቅረቱ ራሱ የሚጻፍ ነው ወይ?

2012ን አስታውሱ። የዓመቱን ገጽ ያሰናዳ ሰው የቶኪዮን ኦሎምፒክ ያስገባ ነበር፤ ሐምሌ 17 ሊከፈት ተቆርጦ ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ምርጫ ቦርድ አገር አቀፉን ምርጫ ለነሐሴ 23 ቀጠረ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ኦሎምፒኩ ለሐምሌ 16 ቀን 2013 ተዛወረ፤ ስሙን ግን «ቶኪዮ 2020» እንዳለ ይዞ። ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣልን በዚያ ሐምሌ 23 ነው። ምርጫውም መጀመሪያ ወደ ግንቦት 28 ቀን 2013፣ ከዚያ ወደ ሰኔ 14 ተገፋ። ታዲያ ሁለቱን አስቀድሞ ያስገባው ሰው ተሳሳተ? አልተሳሳተም። የ2012ን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሁለቱን መራዘም ሳይነካ አያልፍም። ያ ሰው መስመሩን አይሰርዝም፤ «ተራዘመ» ብሎ ይቀጥልበታል።

አሁን ደግሞ ልጆቹ ይዘውት የመጡትን ዝርዝር ተመልከቱ። አንድ ዘፋኝ አልበም ሊያወጣ ነው። አንድ ኩባንያ አዲስ ስልክ ሊለቅ ነው። የአንድ ከተማ ስታዲየም ሊያልቅ ነው፤ ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። እነዚህ ቢቀሩ ማን ይጠይቃል? መስመሩ በዝምታ ይሰረዛል፣ አለቀ። ሲቀር ኮሽ የማይል ነገር መጀመሪያም መግባት የለበትም ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሹ ልጅ ያዘኝ። «እርግጠኛ የሆንበትን ሁሉ ብናስገባስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወረቀት አስመጣሁና ልጅ ሆኜ የኔታ ያስተማሩኝን ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫውን ስሌት፣ አሳየሁት። 2019 ላይ 5500 ደምር፤ 7519። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው። ስለዚህ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። 7519 ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስታነሳለት 13፣ ይህ ወንበር ነው። በ19 አባዛው፤ 247። በሠላሳ በሠላሳ ግደፈው፤ ሰባት ይቀራል፤ መጥቅዕ። ከ14 ስላነሰ ጥቅምት 7 ላይ ይውላል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ ስምንት ነው። ሰባትና ስምንት 15። ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አመሳከረ። ልክ ነው። (ስልኩን አመነ፣ እኔን አላመነም። ይሁን።)

ይህን ያህል እርግጠኛ የሆነ ነገር የለም። ግን የዓመቱ ገጽ ላይ በክንውንነት ይግባ? እኔ አይግባ እላለሁ። በዓላቱን ገጹ አናት ላይ በትንሽ ሠንጠረዥ አስቀምጧቸው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ሲሆን 28፤ ይህን የግድግዳ ካሌንደር ይነግረናል። አንባቢ የዓመቱን ገጽ የሚከፍተው ያ ዓመት ከሌላው በምን እንደተለየ ሊያይ ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ ግን ሌላ ነው። እሱም በስሌት ይታወቃል፤ ቢሆንም በየዓመቱ በደጃችን አያልፍም። ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች። እዚህም ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ዶሮዎቹ ግራ ሲጋቡ አይቻለሁ። ልብ በሉ፣ ሰኔ 14። ዓመት ሞልቶት በዚያው ቀን ነው ምርጫው የተደረገው። አንደኛው ሰኔ 14 አስቀድሞ በተሰላለት ደቂቃ ደረሰ። ሌላው ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ነው የመጣው። ሁለቱም መስመር ይገባቸዋል፤ የሚጻፉበት ቋንቋ ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት እዚህ ነው። «ይካሄዳል» ትንቢት ነው። ለግርዶሽ ይሆናል፤ ለሰው ሥራ አይሆንም። ለሰው ሥራ «እንዲካሄድ ተወስኗል» በሉ፣ ማን እንደወሰነና መቼ እንደወሰነ አክሉበት። ውሳኔ ከሌለና ሐሳብ ብቻ ከሆነ «ሊካሄድ ታቅዷል» ይባላል፤ ግን ያኔ መስመሩ ራሱ ይግባ ወይ ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። «ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ቀጥሯል» ያለ ሰው ምርጫው ቢቀርም አልዋሸም፤ ቦርዱ ቀጥሮ ነበርና። እኔ በዚያ መጽሔት «መሥሪያ ቤቱ በሰኔ እንደሚመረቅ አስታውቋል» ብል ኖሮ ያ ተማሪ ባልተሳሳተ ነበር።

ግንባታ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የሕዳሴውን ግድብ ውሰዱ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተቀመጠ። እኛም ከደሞዛችን ቦንድ እየገዛን «ዘንድሮ ያልቃል፣ ለከርሞ ያልቃል» ስንል ኖርን። የመጀመሪያው ኃይል የመነጨው የካቲት 13 ቀን 2014 ነው። ምርቃቱ ጳጉሜ 4 ቀን 2017። በየዓመቱ ገጽ ላይ «ግድቡ ይጠናቀቃል» የሚል መስመር ቢገባ ኖሮ ስንት ጊዜ እንደሚዛወር አስቡት። ግንባታ በዓመት ገጽ የሚገባው ሲጀመርና ሲያልቅ ነው። መሀል ያለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። የግድቡ ታሪክ የራሱ ገጽ አለው፤ መጓተቱም ክርክሩም እዚያ ይጻፍ።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለበት። የፈረንጅ 2027 ያለበትን ሁሉ ወደ እኛ 2019 አትገልብጡት። የኛ 2019 በእነሱ መስከረም 2026 ተጀምሮ መስከረም 2027 ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ በ2027 እንድታስተናግደው የተወሰነው ኮፕ 32 የአየር ንብረት ጉባኤ አለ አይደል? እነዚህ ጉባኤዎች አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር አካባቢ ነው የሚደረጉት። ስለዚህ ቦታው 2020 ውስጥ ነው። ልጆቹ 2019 ላይ ጽፈውት ነበር።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር ቀረ። ትልቁ ልጅ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ማስገባት ፈልጓል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን። እኔም ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ያሸበረቁት ፈረሶች ሲያልፉ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። «በየዓመቱ የሚመጣ ነገር የራሱ ገጽ ይበቃዋል፤ የዓመቱ ገጽ ላይ የሚወጣው ያን ዓመት የተለየ ነገር ከሆነ ነው» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ከእንግሊዝኛ ተርጉመን ያመጣነው ዝርዝር እኮ ሙሉው የሌላ አገር ውድድርና ሽልማት ነው። እሱም በየዓመቱ ነው የሚመጣው። የኛ ሲሆን ነው ሚዛኑ የሚከብደው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በአንድ ሚዛን ከሆነ የእነሱም ይውጣ አልኩት። ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አርባ ሦስት መስመሮች እሱና እኔ ተጋግዘን ሠላሳ ሁለቱን አወጣን። ፈረሶቹ ከወጡትም ከገቡትም አልሆኑም፤ ጥያቄ ምልክት ተደርጎባቸው ቀሩ።

ከገቡት አንዱ የሐምሌ 26 ቀን 2019 ግርዶሽ ነው። ግብፅ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ይሆናል። እኛ ጋ በከፊል ነው። ክረምት ስለሆነ የጎጃም ደመና ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የላይኛው ነው። ልጆቹ ሲወጡ በሩ ላይ «ያን ቀን መነጽር ይዘን መጥተን አብረን እናያለን» አሉኝ። ግርዶሹን «ይሆናል» ብላችሁ ጻፉት አልኳቸው። የእኔን መገኘት ግን «ታቅዷል» በሉ።