ትምህርት ማቆምና ከትምህርት መጥፋት አንድ አይደለም፦ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሆና ለጻፈችልኝ ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ገንዘቡም ስለ አባትሽም የጻፍሽው ከባድ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን መሃል ላይ ጣል ያረግሻት አረፍተ ነገር ናት፣ "እናቴ ክላስ ያለሁ ይመስላታል፣ እኔ ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰዓቱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ" ያልሽው።

ሌላው አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጅቷ 21 ዓመቷ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሶስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። ኡበር የሚነዱት አባቷ ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ እናቷ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም ይሰራሉ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት። ሆስፒታል የምታስተረጉመው እሷ፣ ኢንሹራንስ ጋር ስልክ ላይ የምትውለው እሷ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ። ሶስት ሳምንት ክላስ አልገባችም፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ኢሜይልም መክፈት ትታለች። አባቷ ደሞ በተያያዘ አንደበታቸው "ትምህርትሽን ካቆምሽ እኔን ቀበርሽኝ ማለት ነው" ብለዋታል። ጥያቄዋ ላቁም ወይስ ልቀጥል ነው።

እኔ የምልሽ ከሁለቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ ነው። አሁን ያለሽበት ማቆምም መቀጠልም አይደለም፣ መጥፋት ነው፣ እና ከሶስቱ በጣም የሚያስከፍልሽ እሱ ነው፣ ገንዘብም ጤናም።

ኢሜይሉን ያልከፈትሽው ስለሰነፍሽ አይደለም። ሰው የሚያስፈራው ነገር ሲመጣበት ዞር ይላል፣ ዞር ሲል ለጊዜው ቀለል ይለዋል፣ ያቺ ትንሽ እፎይታ ናት እንግዲህ ነገም ዞር እንዲል የምታስለምደው፣ ኢሜይሉ ደሞ በየቀኑ እየተቆለለ ስለሚሄድ ከትላንቱ የዛሬው ይበልጥ ያስፈራል። እኔ ጋ ከሚመጡ የኛ ልጆች፣ በተለይ ከበኩሮቹ፣ ደጋግሜ የሰማሁት ታሪክ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጎበዝ፣ ቤቱን የምትይዝ፣ ወረቀት የምታነብ እየተባለች ያደገች ልጅ ሲያቅታት እንዴት ብላ "አቃተኝ" እንደምትል ማንም አላስተማራትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለአባትሽ ብቻ አይደለም፣ ላንቺም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ አጭር ኢሜይል። ለአድቫይዘርሽና ለዲን ኦፍ ስቱደንትስ ቢሮ፣ "ቤተሰባችን ድንገተኛ ህመም ገጥሞን ሶስት ሳምንት ቀርቻለሁ፣ ምን ምርጫ እንዳለኝ በዚህ ሳምንት ላናግራችሁ እፈልጋለሁ" በቃ። ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፣ የድሮዎቹን ኢሜይሎች ሁሉ ማንበብም ዛሬ ግዴታሽ አይደለም።

አሁን ገንዘቡ፣ ምክንያቱም የጭንቀትሽ ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ነው። ሳትናገሪ ከጠፋሽ ኮርሶቹ ኤፍ ሆነው ይመጣሉ፣ ፋይናንሻል ኤይድም መቅረትሽን ሲደርስበት ካገኘሽው የፌደራል ገንዘብ የማይገባሽን ድርሻ ወደ ኋላ አስልቶ ይመልሰዋል፣ እሱ ደሞ ለዩኒቨርሲቲው እዳ ሆኖ ይቀመጥና ልመለስ ባልሽ ቀን ሬጂስትሬሽን ላይ ሆልድ (እገዳ) ሆኖ ይጠብቅሻል። በስርዓቱ ዊዝድሮው ስታረጊም፣ በወረቀት ስትወጪ ማለት ነው፣ ስሌቱ አለ፣ ግን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ከሴሚስተሩ 60 ፐርሰንቱ ካለፈ በኋላ ከወጣሽ ፔል ግራንቱም (የማይከፈለው የፌደራል እርዳታ) የፌደራል ሎኑም (ብድሩ) ሙሉ ለሙሉ እንደተገባሽ ይቆጠራል፣ ከዛ በፊት ከሆነ በቆየሽው ቀን ልክ ብቻ ነው። ለ15 ሳምንት ሴሚስተር ይሄ ዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ ነው፣ አንቺ ሰባተኛው ላይ ነሽ። ስለዚህ ምንም ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ሄደሽ "ዛሬ ብወጣ ስንት ዶላር ይመለሳል፣ ክላስ ተመልሼ ሶስት ሳምንት ቆይቼ ብወጣስ?" ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን በኢሜይል ይላኩልሽ። ከስቴት የምታገኚው ግራንት ካለ ህጉ ለብቻው ስለሆነ እሱንም ጠይቂ።

ሌላም አለ። ፋፍሳሽ (የፌደራል ኤይድ ማመልከቻሽ) ላይ ያለው የአባትሽ ገቢ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው፣ እሳቸው ሙሉ ቀን ሲነዱ የነበረው። አሁን ያ ገቢ የለም። ቢሮው ፕሮፌሽናል ጃጅመንት በሚሉት ስልጣኑ ገቢውን አስተካክሎ ኤይዱን እንደገና ማየት ይችላል፣ ግን አንቺ ካልጠየቅሽ ማንም በራሱ ተነስቶ አያደርገውም። ከሆስፒታል የህክምና ማስረጃ አውጪ፣ ብዙ ኮፒ ያዢ። ያው ወረቀት በኋላም ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም ዊዝድሮው ባረግሽው ኮርስ ላይ የሚጻፈው ደብሊው ጂፒኤ ባይነካም እንደተመዘገብሽበት ክሬዲት ስለሚቆጠር ሳፕ የሚሉትን፣ ኤይድ ለመቀጠል የሚጠየቀውን የትምህርት መስፈርት ሊያጎድልብሽ ይችላል፣ ያኔ አፒል የምታረጊው በዚሁ የቤተሰብ ህመም ነው።

ሎኑን በተመለከተ ደሞ ከግማሽ ጊዜ በታች ከወረድሽ፣ ብዙ ቦታ 6 ክሬዲት ማለት ነው፣ የስድስት ወር ግሬስ ፒሪየድ፣ ሎኑን መክፈል ከመጀመርሽ በፊት የሚሰጥሽ ጊዜ፣ መቁጠር ይጀምራል። ስድስቱ ወር ሳያልቅ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ከተመለስሽ ግሬሱ ሙሉው ይመለስልሻል። ለዚህ ነው "አንድ ሴሚስተር" እና "እስቲ እናያለን" በጣም የሚለያዩት።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሁለት ክላስ ማዳን ከቻልሽ ሁለቱን ይዘሽ ሌላውን ጣይ፣ ካልቻልሽ ደሞ በወረቀት አቁሚ፣ የምትመለሺበትን ሴሚስተር ግን ፎርሙ ላይ ጻፊው፣ ቤትም ቀኑን ተናገሪ። ሁሉንም ይዤ እገፋለሁ ማለቱን አልወደድኩትም፣ አሁን በቀን አራት ሰዓት ብቻ እየተኛሽ የሚሆን አይደለም።

አባትሽ ያሉት ቃል ልብ የሚሰብር ነው። ግን ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሶስቱ የአንዱ ያህል ውስጡ ይጨልማል፣ የሚያለቅሰውም የሚቆጣውም የተጎዳው አእምሮ አስገድዶት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ይሄን ለሀኪማቸው ንገሪ፣ ይታከማል። ቃሉን ግን ሌላ ጎኑንም እይው፣ ሌሊት ሲነዱ የነበረው ላንቺ ነው፣ የፈሩት ልፋታቸው ከንቱ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ "አቆምኩ" ሳይሆን "መስከረም ላይ እመለሳለሁ፣ ወረቀቱ ይሄው" ብለሽ አሳዪያቸው።

አንድ ሸክም ደሞ ዛሬውኑ ማውረድ ትችያለሽ፣ ማስተርጎሙን። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። "ለአባቴ አስተርጓሚ አምጡልኝ" በይ። ልጅ ሆኖ የአባትን የምርመራ ውጤት በራስ አፍ መንገር ምን እንደሚያደርግ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ እጃቸውን ያዢ፣ ሌላ ሰው ይናገር። የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከርም በአስተርጓሚ እናትሽ ያናግሯት፣ ስለ ዲሳቢሊቲ ማመልከቻ ይጠይቁ፣ አባትሽ ታክስ ሲከፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"አንዳንዴ ጠዋት ባልነቃ ይሻለኝ ነበር" ብለሽ ጽፈሻል። ይሄን አልፌው አልሄድም። ራስሽን ስለመጉዳት እያሰብሽ ከሆነ ዛሬ ማታውኑ 988 ደውዪ ወይ ቴክስት አድርጊ፣ በማንኛውም ሰዓት ሰው አለ። ካምፓስሽ ያለውን ካውንስሊንግም ዊዝድሮው ከማድረግሽ በፊት ያዢው፣ ከወጣሽ በኋላ ላያዩሽ ይችላሉ፣ ወደ ውጪ ሪፈራል እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

እናትሽን ስለመንገር ፈራሁ ብለሻል፣ ገብቶኛል፣ እሳቸውም ደክመዋል። ግን እሳቸው የሚያውቁት ክላስ የምትገባዋን ልጅ ነው፣ አንቺን ግን አያውቁሽም፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ብቻሽን ነው የቆየሽው። ከሽፍት ሲመለሱ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ቡና አፍዪና "እማዬ፣ ክላስ አልሄድኩም፣ ፓርኪንግ ነበርኩ" በያቸው። መጀመሪያ ሊቆጡ ይችላሉ፣ ሊያለቅሱም ይችላሉ፣ ተያቸው ይጨርሱ፣ ከዛ ላፕቶፑን ክፈቺና ያቺን አጭር ኢሜይል አጠገባቸው ሆነሽ ላኪያት።