ቁጥሩ የት ቀረ? የቢሮ ስልክ የደዋዩን ቁጥር አላሳይ ሲል

ጥያቄ፦ «ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፤ አስመጪ ድርጅት ነን። አራት የመደበኛ ስልክ መስመር አለን። አራቱም ማዞሪያው (ፒቢኤክሱ) ላይ ገብተው ለአሥራ ስድስት ጠረጴዛ ይከፋፈላሉ። ደንበኛ ሲደውል ስክሪኑ ላይ ‹መስመር 1›፣ ‹መስመር 2› ይላል እንጂ ቁጥር አይወጣም። ያመለጠንን ጥሪ መልሰን መደወል አልቻልንም። እኛ ስንደውል ደግሞ ደንበኞቻችን አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ቁጥር እናያለን ይሉናል። መልሰው ሲደውሉም ማን እንደፈለጋቸው ሪሴፕሽን አታውቅም። የጠራነው ባለሙያ ስልኮቹ በሙሉ ይቀየሩ አለን። እውነት መፍትሔው እሱ ነው?»

እህቴ፣ ገንዘቡን ገና አያውጡ። አሥራ ስድስት ስልክ ተማክሮ በአንድ ቀን አይበላሽም። አንዱ ቢያምጽ አሥራ አምስቱ ያሳዩ ነበር። ሁሉም ላይ እኩል ከጠፋ ችግሩ ያለው ሁሉም የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፦ ወይ መስመሩ ላይ፣ ወይ ማዞሪያው ላይ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ባለሙያ እንኳ አያስፈልግዎትም።

ከሠራተኞቹ አንዱ ቤት ስክሪን ያለው ተራ የመደበኛ ስልክ ካለ ለአንድ ቀን ያስመጡት። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ደግ ነው፣ የመጀመሪያውን መስመር ከማዞሪያው ነቅለው በቀጥታ እዚያ ስልክ ላይ ይሰኩት። ከዚያ ከሞባይልዎ ይደውሉለት። እንዳያነሱት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥራ። ቁጥርዎ ከወጣ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጣታችንን ወደ ማዞሪያው እንቀስራለን። ካልወጣ ግን በዚያ መስመር ላይ የደዋይ ቁጥር ማሳያ አገልግሎት መከፈቱን ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ይጠይቁ። አራቱንም መስመር በየተራ ይሞክሩ። ሦስቱ ተከፍቶላቸው አንዱ የተረሳበት ቢሮ ገጥሞኛል። እዚያ ቤት ሰዎቹ «አንዳንዴ ያሳያል፣ አንዳንዴ አያሳይም» እያሉ ለወራት ማዞሪያውን ሲያሙ ነበር።

እንዳያነሱት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከጥሪው ጋር አብሮ ተጣብቆ የሚመጣ ይመስለዋል። በመዳብ መስመር ላይ ግን ቁጥሩ የሚመጣው ለብቻው ነው፤ የሚመጣውም በድምፅ ነው። በሰፊው በተለመደው አሠራር ስልኩ መጀመሪያ አንዴ ይጠራል፤ ከዚያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መካከል ባለችው ጸጥታ ውስጥ የቴሌው ማዕከል ሁለት ዓይነት ቃና እያፈራረቀ መልእክቱን ይልካል። አንዱ ቃና 1ን፣ ሌላው 0ን ይወክላል። በአሜሪካው ደረጃ ቃናዎቹ 1200 እና 2200 ኸርዝ ናቸው፤ በአውሮፓው 1300 እና 2100። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት ስለሆነ ነገሩ ሁሉ በግማሽ ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። የመሞከሪያ ስልኬን መስመሩ ላይ አንጠልጥዬ ሳዳምጥ «ጭርርር» የምትል አጭር ድምፅ ትሰማኛለች። በድሮው በስልክ መስመር በሚገባው ኢንተርኔት የሠራ ሰው ወዲያው ያውቃታል፤ ያው ሞደም ናት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርዎ። በዚያች ጭርታ ውስጥ ከቁጥሩ ጋር ብዙ ጊዜ ቀንና ሰዓትም ይመጣል። ስለዚህ በሙከራው ጊዜ የስልኩን ሰዓት ሆን ብለው ያዛቡትና ይደውሉ። ሰዓቱ በራሱ ከተስተካከለ መልእክቱ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ ተስተካክሎ ቁጥሩ ብቻ ካልወጣ፣ ወይ ደዋዩ ቁጥሩን ደብቋል፣ ወይ ማዕከሉ ቁጥሩን አላገኘውም። ይህን መለየት ብቻውን ግማሽ ቀን ያተርፍልዎታል።

እንግዲህ ጭርታዋ የምትመጣው ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ከሆነ፣ ማዞሪያው ቸኩሎ ካነሳው ምን ይሆናል? ቁጥሩ ደጅ ይቀራል። አንድ ቢሮ የተጠራሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። «እንኳን ደህና መጡ፣ ለሽያጭ ክፍል 1ን ይጫኑ» የሚል የተቀዳ ድምፅ አስገብተዋል፤ ደንበኛ እንዳይጠብቅ ብለው ገና በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሳ አድርገውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥር ያየ ሰው የለም። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፦ ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ ያንሳ አልኩት፣ አለቀ። ሒሳቡን ስጠይቅ ማፈሬ አልቀረም። እናንተም የተቀዳ ድምፅ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

እሱ ካልሆነ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማዞሪያው ውስጥ የሚሰካው ካርድ ነው። በብዙ የማዞሪያ ሞዴል ላይ የደዋይ ቁጥርን የሚያዳምጠው ክፍል ከመስመር ካርዱ የተለየ፣ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነው። ርካሽ ዋጋ ያቀረበው ጨረታ አሸንፎ ካርዱ ሳይገባ ይቀራል። ማዞሪያው ያኔ ጥሪው በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ እንጂ ከማን እንደመጣ አያውቅም፤ ‹መስመር 1› ብሎ የሚያውቀውን ይነግርዎታል። የእርስዎ ምልክት ከዚህ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ውርርድ ብገባ እዚህ ላይ ነበር የምገባው። ሳጥኑን አስከፍተው ካርዱ ይኑር አይኑር ማየት ነው፤ ቢጎድል እንኳ የአንድ ካርድ ዋጋ የአሥራ ስድስት ስልክ ዋጋ አይደለም።

ካርዱ ኖሮም ቋንቋው ላይገጥም ይችላል። ሁሉም አገር ቁጥሩን በጭርታ አይልክም። አንዳንዱ ቁልፍ ስንጫን በምንሰማው ቃና፣ ያውም ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ይልካል፤ አንዳንዱ የመስመሩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ገልብጦ «ላናግርህ ነው» ይላል። ማዞሪያው ውስጥ ይህን የሚመርጡበት ቦታ አለ። ዕቃው ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ከሆነ የሌላ አገር ምርጫ ላይ እንደተቀመጠ መገኘቱ አይገርመኝም። ከመዳብ ወደ ፋይበር የተቀየረ ቢሮም እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም ያኔ ጭርታዋን የሚያወጣው ሩቅ ያለው ማዕከል ሳይሆን ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለችው የፋይበር ሳጥን ናት። ትናንት የሚሠራው ዛሬ ቢጠፋ ማዞሪያውን ሳይሆን እሷን ይጠይቁ።

መስመሩ ላይ ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ካለም ማጣሪያዋ ትንሽ ሳጥን በቦታዋ መኖሯን ይዩ። ኢንተርኔቱ ከድምፅ በላይ ባለው ሞገድ ነው የሚሄደው፤ ማጣሪያዋ ከሌለች ስልኩ ላይ ሹሹታ ይፈጥራል። ሰው በሹሹታ ውስጥ ተነጋግሮ ይግባባል፤ ጭርታዋ ግን አትግባባም። በመጨረሻዋ ላይ የሒሳብ ማረጋገጫ ስላለች አንዲት ቢት ከተበላሸች መልእክቱ በሙሉ ይጣላል። ያረጀና ውኃ የገባው ገመድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ክረምት ላይ ብቻ ቁጥር የሚጠፋበት ቢሮ ካለ ገመዱን ያስፈትሽ።

እስካሁን ያወራነው ቁጥሩ ማዞሪያው ጋ እስኪደርስ ነው። ከማዞሪያው እስከ ጠረጴዛው ያለው ሌላ ጉዞ ነው፤ ባለሙያችሁ ምናልባት ይህን ይዞ ይሆናል ስልክ ይቀየር ያለው። ማዞሪያው ለራሱ ዲጂታል ስልኮች ቁጥሩን በራሱ መንገድ ይነግራቸዋል። ለተራ ስልክ ግን ያንኑ ጭርታ እንደገና ሠርቶ ሊልክለት ይገባል፤ ይህን የማይችል ማዞሪያ ብዙ ነው። ስለዚህ የሪሴፕሽኗ ዲጂታል ስልክ እያሳየ ሌሎቹ ካላሳዩ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የእናንተ ግን ሪሴፕሽኗም ዘንድ ስለማይወጣ እዚህ ገና አልደረስንም።

ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ሁለት ቅሬታ እንደሚነሳ ከአሁኑ ላስጠንቅቅዎ። አንደኛው፦ «ሪሴፕሽን ጥሪ ስታስተላልፍልን የደንበኛው ሳይሆን የሷ ቁጥር ነው የሚወጣው» ይሏችኋል። ትክክል ነው፤ ብልሽት አይደለም። እሷ መጀመሪያ የአንዱን ሠራተኛ የውስጥ ቁጥር፣ 107ን እንበል፣ ደውላ «አቶ እገሌ ይፈልጉሃል» ስትል ለ107 የደወለችው እሷ ናት። ዲጂታል ስልክ ከሆነ እሷ ስትዘጋ ስክሪኑ ወደ ደንበኛው ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ተራ ስልክ ላይ ግን ጭርታዋ የምትላከው ስልኩ ሲጠራ አንዴ ነው፤ ከተነሳ በኋላ የሚያርመው የለም። ሳታናግረው በቀጥታ ካስተላለፈች በብዙ ማዞሪያ የደንበኛው ቁጥር ይወጣል።

ሁለተኛው ያስቃል። ሰዉ ያመለጠውን ጥሪ ከስክሪኑ ላይ መርጦ መልሶ ይደውላል። ስክሪኑ ላይ ያለው 0911 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ነው፤ ከቢሮ ወደ ውጭ ለመደወል ግን መጀመሪያ 9 መጫን አለበት። ስልኩ 9ኙን አያውቅምና 0ን ይልካል። 0 ደግሞ በብዙ ማዞሪያ ላይ ሪሴፕሽን ናት! አንድ ቦታ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ «ደውለው ዝም ይላሉ» ብላ ከሒሳብ ክፍል ጋር ተኳርፋ አገኘኋት። ማዞሪያው ውስጥ የገባውን ቁጥር የሚያስተካክል ሠንጠረዥ አለ፤ ከውጭ የመጣ ቁጥር ሁሉ ፊቱ ላይ 9 ይጨመርበት ብሎ ማዘዝ ነው። ቁጥሩ በ251 ተጀምሮ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ 251ን ቆርጦ 90 መተካት። ባለሙያው ይህን ሳያደርግ እንዳይሄድ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። እናንተ ስትደውሉ ደንበኛው የሚያየውን ቁጥር በተራ መስመር ላይ ማዞሪያው አይወስነውም። ማዕከሉ የሚያውቀው ጥሪው የወጣበትን ገመድ ነው፤ የዚያን ገመድ ቁጥር ያሳያል። ማዞሪያው ነጻ ያገኘውን መስመር ስለሚይዝ ደንበኛው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ያያል። ማስተካከል የሚችሉት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ሁሌ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምር ብትሉ ደንበኛው ዋናውን ቁጥር ያያል፤ ግን ዋናው ቁጥር በእናንተው ጥሪ ይያዝና ከውጭ የሚደውለው ሰው አይገባለትም። እኔ ከአራተኛው እንዲጀምር ነው የማደርገው። የተለየ ቁጥር ማየት ደንበኛን ግር ሊለው ይችላል፤ የተያዘ ስልክ ግን ወደ ሌላ ነጋዴ ይወስደዋል።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁጥር እንዲወጣ ከተፈለገ መስመሩ ራሱ መቀየር አለበት፦ ወይ በአንድ ጊዜ 30 ጥሪ የሚያስተናግደው ኢ1፣ ወይ በኢንተርኔት አሠራር የሚሄደው ሲፕ ትራንክ። እዚያ ማዞሪያው «እኔ ይህ ቁጥር ነኝ» ብሎ ራሱ ይናገራል። ደንበኛ አክባሪ የሆነ የስልክ ኩባንያ ቁጥሩ ከተሰጣችሁ ውስጥ መሆኑን ያጣራል፤ ካልሆነ በዋናው ይተካዋል። የማያጣራም በዓለም ላይ አለ። አስመጪ ናችሁና ይህቺን ለሒሳብ ክፍል ይንገሩልኝ፦ የአቅራቢያችሁ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ስለወጣ ብቻ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚልን ሰው አትመኑ። ዘግታችሁ ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ለአራት መስመር ቢሮ ግን ኢ1 ጋቢ ለሚበቃው ብርድ ድንኳን መትከል ነው። የማዞሪያችሁ የጥሪ መዝገብ የትኛው የውስጥ ቁጥር ለማን፣ ስንት ሰዓት እንደደወለ ይይዛል፤ ከሪሴፕሽን ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። ደንበኛው «ማን ደወለልኝ?» ብሎ ሲደውል ቁጥሩ ስክሪኗ ላይ ስላለ መዝገቡ ላይ ትፈልገዋለች፤ «ከሰዓት በፊት 107 ደውሎልዎታል፣ ላገናኝዎት» ትለዋለች።

ቅዳሜ ሲሞክሩ በየትኛው መስመር ላይ ምን እንዳዩ፣ ሰዓቱም ይስተካከል አይስተካከል፣ ከማዞሪያው ሞዴል ጋር ወረቀት ላይ ይጻፉት። ባለሙያው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰጡት እሱን ነው።